በደረሰኜ ላይ ያለችው «አይኤስፒኤስ» ምንድን ናት? መርከቧስ ለምን ታገደች?

ለገሃር ሰፈር (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡15)

ጤና ይስጥልኝ። ቢሮዬ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነው፤ የከባድ መኪና መለዋወጫ አስመጣለሁ። ሁለት ነገር ግራ ገብቶኛል፤ የሁለቱም ስም አንድ ነው።

የጭነት ሒሳብ በመጣልኝ ቁጥር ከባሕር ማጓጓዣው፣ ከነዳጅ ጭማሪውና ከወደብ አገልግሎቱ ሥር «አይኤስፒኤስ» የምትል አንዲት መስመር አለች። ገንዘቧ ትንሽ ስለሆነች ለዓመታት ሳልጠይቅ ከፈልኩ። አሁን ደግሞ ሁለት ኮንቴይነሬን የጫነች መርከብ አንድ የመሸጋገሪያ ወደብ ላይ ቆማ ዘጠነኛ ቀኗን ይዛለች። የመርከቡን ወኪል ብጠይቀው «የአይኤስፒኤስ ጉዳይ ነው» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። ሞተሯ አልተበላሸም፤ ዕዳም የለባትም፤ ኮንትሮባንድም አልተገኘባትም።

የአንድ አገር ሰንደቅ ዓላማ የምታውለበልብ መርከብ በሌላ አገር ወደብ፣ በወረቀት ምክንያት ብቻ፣ ልትታገድ ትችላለች? ከታገደችስ የእኔን ኪሳራ ማን ይከፍላል?

ሞጆ በኩል (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡50)

ስለ ክፍያዋ እኔ ልመልስ፤ ትራንዚተር ነኝ። ወደቦች ለአጥሩ፣ ለካሜራው፣ ለበሩ ጥበቃና ለመታወቂያ ሥርዓቱ ያወጡትን ገንዘብ በኮንቴይነር ቁጥር አካፍለው ያስከፍላሉ። የመርከብ ድርጅቶችም የራሳቸውን ይጨምሩበታል። ደንበኛ ሲጠይቀኝ «የጥበቃ ናት» ብዬ አልፋታለሁ። ስለ እገዳው የሚያውቅ ይምጣ።

የአሰብ ልጅ (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡30)

ወንድሜ፣ 26 ዓመት መርከብ ላይ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ዛሬ ከምሳ በፊት ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ቡና እየጠጣሁ ጥያቄህን አነበብኩት፤ ቡናው ቀዘቀዘ።

ድሮ የመርከብ መሰላል እንደ መንደር በር ነበር። ወደብ ስንደርስ ፍራፍሬ ሻጩም ልብስ ሰፊውም የስልክ ካርድ አዟሪውም ይወጣል፣ ይወርዳል። «ማን ነህ?» የሚል አልነበረም። ከሰኔ 24 ቀን 1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያ በር ተዘጋ። ዓለም አቀፉ የመርከብና የወደብ ጸጥታ ደንብ፣ እኛ አይኤስፒኤስ የምንለው፣ ሥራ ላይ የዋለው በዚያ ቀን ነው።

ምክንያቱ ሩቅ አልነበረም፤ አንዱ እዚሁ ጎረቤታችን ነው የተፈጸመው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2000 ኤደን ወደብ ላይ ነዳጅ ትቀዳ የነበረችውን ኮል የተባለች የአሜሪካ የጦር መርከብ ፈንጂ የጫነች ትንሽ ጀልባ ተጠግታ መታቻት፤ 17 መርከበኞች ሞቱ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሊምበርግ የተባለች የፈረንሳይ ነዳጅ ጫኝ መርከብ በየመን ዳርቻ በተመሳሳይ መንገድ ተመታች። በመካከሉ ሴፕቴምበር 11 አለ። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በታኅሣሥ 1995 ዓ.ም. ለንደን ላይ መንግሥታትን ሰብስቦ ደንቡን አጸደቀ፤ አንድ ዓመት ተኩል ብቻ ጊዜ ሰጣቸው። የባሕር ሕግ እንደ ዔሊ ነው የሚሄደው፤ እንዲህ ሲሮጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ ያለች ማንኛዋም መንገደኛ ጫኝ መርከብ፣ እንዲሁም ከ500 ግሮስ ቶን ጀምሮ ያለች ማንኛዋም የጭነት መርከብ ደንቡ ይመለከታታል። የጦር መርከብና ለንግድ ያልተሰማራ የመንግሥት መርከብ ውጭ ናቸው። መርከቧ ላይ የጸጥታ ኃላፊ ይመደባል፤ ብዙውን ጊዜ ሌላ ሥራው ያልቀለለለት አንዱ መኮንን ነው። የብስ ላይ ደግሞ ድርጅቱ የራሱን ኃላፊ ይሾማል። ለዚያች መርከብ ብቻ የተጻፈ የጸጥታ ዕቅድ ይዘጋጃል። የሰንደቅ ዓላማዋ መንግሥት ወይም የወከለው ተቋም ዕቅዱን አጽድቆ፣ መርከቧ ላይ ወጥቶ አይቶ፣ እስከ 5 ዓመት የሚያገለግል ዓለም አቀፍ የጸጥታ የምስክር ወረቀት ይሰጣታል። ወኪልህ «ጉዳይ» ያለው ምናልባት ይህን ወረቀት ሳይሆን አይቀርም።

ቸርቸል ጎዳና (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡05)

ጋሼ፣ ታሪኩን በጥሩ ሁኔታ ነገሩን፤ ግን ልቃወምዎት። ይህ ሀብታም አገሮች በራሳቸው ፍርሃት የጻፉት ሕግ ነው። ወጪው በለገሃር ነጋዴ ደረሰኝ ላይ ይወርዳል፤ መርከበኛው ደግሞ ወደብ ደርሶ እግሩን የብስ ላይ እንዳያሳርፍ ይከለከላል። የመንን ባሕር ሚሳይል ሲያርሰው አጥርና መታወቂያ ምን ረዳ?

የአሰብ ልጅ (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10፡20)

ልጄ፣ ስለ ሚሳይሉ ትክክል ነህ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ጋላክሲ ሊደር የተባለችውን የጭነት መርከብ የያዟት የየመን ሁቲዎች ከሄሊኮፕተር ነው የወረዱት። በማግሥቱ ዓመት ሩቢማር የተባለች ሌላ መርከብ በሚሳይል ተመትታ ለቀናት ስትንሳፈፍ ቆይታ ሰጠመች። ያን ጊዜ የምስክር ወረቀቷን የጠየቃት የለም። ደንቡ የተጻፈው በመሰላሉ ለሚወጣው ሰው፣ በኮንቴይነር ውስጥ ለሚደበቀው ዕቃ፣ በጎን ለምትጠጋዋ ጀልባ ነው። ከሰማይ ለሚመጣው ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ስለዚህ ግን መሰላሉን ክፍት እናድርገው አትለኝም።

የብስ ላይ ስለ መውረድ ያልከው እውነት ነው። በጣም የሚያናድደው ደንቡ በመግቢያው ላይ መንግሥታት የመርከበኛውን መብት እንዲያስታውሱ ራሱ ማሳሰቡ ነው። መርከበኛ ለወደብ ጥበቃ ሠራተኛ ተጠርጣሪ ነው እንጂ ሰው አይደለም። አንድ ወደብ ላይ ሦስት ቀን ቆመን የከተማዋን መብራት ከመርከቡ ጫፍ ስናይ አምሽተን ወጣን። የወደቡን ስም አልጠራም፤ ሳስታውሰው ግን እስካሁን ይከነክነኛል።

ማኅተምና ፊርማ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40)

ልደታ አካባቢ የምሠራ ጠበቃ ነኝ። ወደ ጠያቂው ጥያቄ ልመለስ።

አዎ፣ ትታገዳለች። ሶላስ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. የ1974ቱ የባሕር ላይ ሕይወት ደኅንነት ስምምነት፣ ምዕራፍ 11 ለሁለት ተከፍሎ ሁለተኛው ክፍል ለጸጥታ ጉዳይ ተሰጥቷል፤ የአይኤስፒኤስ ደንብም ከእርሱ ጋር ተያይዟል። የውጭ መርከብ ሁለት ጌታ አላት። አንደኛው ሰንደቅ ዓላማዋን የሰጣት መንግሥት ነው፤ ወረቀቷን የሚሰጥ፣ ዕቅዷን የሚያጸድቅ እርሱ ነው። ሁለተኛው የምትገባበት ወደብ መንግሥት ነው። የጸጥታ ደረጃ ሦስት ነው፦ 1 የዘወትር፣ 2 ሥጋት ሲጨምር፣ 3 አደጋ ሲቃረብ ወይም ይደርሳል ተብሎ ሲገመት። የወደቡ ደረጃ ከሰንደቅ ዓላማዋ መንግሥት ደረጃ ከፍ ካለ የወደቡን ታከብራለች። «የእኔ መንግሥት 1 ነው ያለኝ» ብላ መከራከር አትችልም።

መርማሪ መርከብ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው የምስክር ወረቀቱን ብቻ ነው። ወረቀቱ የጸና ከሆነ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ መርከቧ ደንቡን አለማክበሯን የሚያሳምን ግልጽ ምክንያት ካልተገኘ በቀር። ግልጽ ምክንያት ማለት ለምሳሌ መሰላሉ ላይ ጠባቂ አለመኖሩ፣ የጸጥታ ኃላፊው ዕቅዱን አለማወቁ፣ ወይም ያለ ምዝገባ ሰው መግባቱ ነው። ያን ጊዜ ወደቡ መፈተሽ፣ ማዘግየት፣ ማገድ፣ ሥራዋን መገደብ፣ ሲብስም ማስወጣት ይችላል። ገና ያልገባችውን ደግሞ እንዳትገባ ይከለክላል።

ግዴታው ወደብ ሳይደረስ ነው የሚጀምረው። አሜሪካ እንደ ደንቡ ከ96 ሰዓት በፊት፣ የአውሮፓ ኅብረት ከ24 ሰዓት በፊት የመድረሻ መረጃ ይጠይቃሉ። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ የውጭ መርከቦችን በተለየ ክፍል አስቀምጣ ግዴታቸውን ዘርዝራለች። ከሚጠየቀው ሁሉ እኔን የሚገርመኝ መርከቧ ያለፉትን 10 ወደቦች፣ በእያንዳንዱም የነበራትን የጸጥታ ደረጃ መናገር ያለባት መሆኑ ነው። መርከብ ዛሬ ባለችበት ብቻ ሳይሆን ባደረችበትም ትጠየቃለች።

ሞጆ በኩል (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡55)

ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ አባቶች ነግረውናል።

ማኅተምና ፊርማ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10)

ሳቅሁ፤ ግን ሕጉም ያንኑ ነው የሚለው። አሜሪካ የጸጥታ ጥበቃቸው ደካማ ነው ያለቻቸውን አገሮች ዝርዝር ታወጣለች፤ የመን ከነዚያ አንዷ ናት። ከቅርብ ጊዜ ወደቦቿ በአንዱ እንዲህ ያለ አገር የነካች መርከብ እዚያ ሳለች እያንዳንዱን መግቢያ ማስጠበቋን፣ ያንንም በመዝገቧ ላይ መጻፏን እንድታሳይ ትጠየቃለች። ሳትጽፍ ያለፈችው ጥበቃ እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ቸርቸል ጎዳና (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40)

ይኸው! ደካማ ወደብ የምትባለው ምንጊዜም የደሀ አገር ወደብ ናት። ጊደሯ ናት የምትቀጣው፤ አህያዋን የሚጠይቅ የለም።

የፒያሳው ሁለተኛ መኮንን (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡10)

እኔ ባቦጋያ ሠልጥኜ አሁን የውጭ ድርጅት መርከብ ላይ የምሠራ ነኝ፤ ለዕረፍት መጥቼ ቤተሰብ ጋር ነኝ።

ወንድም ቸርቸል፣ የደሀ አገር መርከበኛ ሆኜ ልንገርህ፤ ሌሊት 8 ሰዓት መሰላሉ አጠገብ ቆሜ የማላውቀው ሰው ጨለማ ውስጥ ሲመጣ፣ ያ ደንብ ነው «መታወቂያ» እንድለው ድፍረት የሚሰጠኝ። የወደብ ባለሥልጣን ነኝ ቢለኝ እንኳ። ካፒቴኑም ቢሆን ከጀርባው ሕግ አለው፦ ድርጅቱም ሆነ መርከቧን የተከራየው ሰው ለጸጥታ ብሎ የወሰነውን ውሳኔ ሊያስቀይሩት አይችሉም። ሰው አላስገባም፣ ኮንቴይነር አልጭንም ማለት ይችላል። ድሮ እንዲህ ብሎ ሥራውን ያጣ ካፒቴን ብዙ ነው ይላሉ ትልልቆቹ።

ደግሞ የማይታየው ነገር አለ። በመርከቡ መሪ ክፍልና ቢያንስ በአንድ ሌላ ቦታ የምሥጢር የማንቂያ ቁልፍ አለ። ስትጫነው መርከቡ ላይ ምንም አይጮኽም፤ የብስ ላይ ግን ለሚመለከተው አካል «እዚህ ነን፣ አደጋ ላይ ነን» የሚል መልእክት ይደርሳል። ጠላፊው አጠገብህ ቆሞ እንኳ አያውቅም። ጀማሪ ሳለሁ ጠረጴዛ ሥር አቧራ ስጠርግ በጉልበቴ ገፋሁት። ክዳኑ ላልቶ ነበር። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ካፒቴኑ ከድርጅቱ ስልክ ተደወለለትና በተለመደው የምሥጢር ጥያቄ ጠየቁት፤ እርሱ ምንም አያውቅም፤ እኔ ጨርቄን ይዤ ቆሜያለሁ። ያን ቀን የተናገረኝን እዚህ አልጽፈውም።

አንድ የቋንቋ ጉዳይ፦ በአማርኛ እሳት ማጥፊያውንም፣ የሕይወት ጃኬቱንም፣ መሰላል ጥበቃውንም «ደኅንነት» እንላለን። መርከብ ላይ ሴፍቲና ሴኩሪቲ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱ ሲጋጩም ደንቡ ለመጀመሪያው ያደላል። በር በጸጥታ ምክንያት ተቆልፎ እሳት ቢነሳ፣ በሩ ይከፈታል። ስለዚህ ሴኩሪቲን «ጸጥታ» ማለቴን አትዩብኝ።

የአሰብ ልጅ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 5፡00)

የኔ ልጅ፣ ጉልበትህን ይባርክ።

«የውጭ መርከብ» የሚለው ቃል ላይ ግን ቆም በሉ። እዚህ የምትጽፉት ሁሉ የውጭ መርከብ ማለት ሌላ ሰው እንደሆነ አድርጋችሁ ነው። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የእኛ መርከቦች የት ነው የውጭ ያልሆኑት? ባሕር ያለው አገር ቢያንስ አንድ ቤቱ የሆነ ወደብ አለው፤ እዚያ ሲገባ ሕጉም ፈታሹም የራሱ ናቸው። እኛ ጂቡቲ ስንገባም የውጭ ነን። ባሕር የሌለው አገር መርከብ የማሰማራት መብት እንዳለው የባሕር ሕጉ ስምምነት በአንቀጽ 90 ይናገራል፤ መብቱን ይዘን በሰው ደጅ ነው የምንኖረው። ስለዚህ ይህን ደንብ ከማንም አስበልጠን ማወቅ ያለብን እኛ ነን።

መርከባችን በኋላዋ ላይ «አዲስ አበባ» ተብሎ የመመዝገቢያ ከተማዋ ተጽፎ ነበር። አንድ የውጭ ወደብ መርማሪ ካርታ አውጥቶ «ይህች ወደብ የት ናት?» አለኝ። ከባሕር በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ተራራ ላይ እንደሆነች ስነግረው ያሾፍኩበት መሰለውና ተቆጣ። ቀጥሎ የጸጥታ ዕቅዱን አምጣ አለ።

እዚህ ላይ ነው ሕግ ማወቅ የጠቀመን። የጸጥታ ዕቅድ ምሥጢር ነው፤ የወደብ መርማሪ እንዲሁ ተነሥቶ ሊያነበው አይችልም። ግልጽ ምክንያት ሲኖርና ሌላ ማረጋገጫ መንገድ ሲጠፋ ብቻ፣ ያውም ካፒቴኑ ወይም የሰንደቅ ዓላማችን መንግሥት ሲፈቅድ፣ የሚመለከተውን ክፍል ብቻ ያያል። አንዳንዱን ክፍል ካፒቴኑ እንኳ ቢፈቅድ ያለ መንግሥቱ ስምምነት አያይም። ካፒቴናችን የምስክር ወረቀቱን፣ የመርከቧን የታሪክ መዝገብ፣ የልምምድ መዝገቡን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ፣ ቡና አስቀርቦ፣ «ዕቅዱን ግን አይሆንም፤ ምክንያትህን በጽሑፍ ስጠኝ» አለው። ሰውየው ቡናውን ጠጣ። ሁለተኛ ደገመ። ፈርሞ ወረደ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ወረቀት አንዱ ቢጎድል ኖሮ ያ ሁሉ ልበ ሙሉነት ከየት ይመጣ ነበር?

ለገሃር ሰፈር (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12፡30)

ጋሼ፣ እጅ ነሥቻለሁ። ዛሬ ወኪሉ ቢሮ ሄጄ ተቀምጬ አልነሣም አልኩ፤ በመጨረሻ ነገሩኝ። መርከቧ ባለፈው ዓመት ተሸጣለች። አዲሱ ድርጅት ሲረከባት ጊዜያዊ የምስክር ወረቀት አወጣ፤ እርሱ ሲያልቅ ሌላ ጊዜያዊ አወጣ። ወደቡ ሁለተኛውን አልቀበልም ብሎ ነው ያቆማት። ሰውየው «የወረቀት ቀልድ ነው» አለኝ።

ማኅተምና ፊርማ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡15)

ቀልድ አይደለም። መርከብ ከዚህ በፊት ያላስተዳደራት ድርጅት ሲረከባት ወይም ሰንደቅ ዓላማ ስትቀይር የቀድሞው ወረቀቷ ይሞታል። ጊዜያዊው የሚያገለግለው 6 ወር ብቻ ነው፤ አዲሱ ድርጅት ዕቅዱን እስኪያስጸድቅ፣ ሠራተኛውን እስኪያለማምድ። አንዱ ጊዜያዊ ሲያልቅ ሌላ እየተተካ ሙሉ ምርመራውን ለመሸሽ እንዳይውል ደንቡ በግልጽ ይከለክላል። እንዲህ ያለ ተከታታይ ወረቀት ራሱ ግልጽ ምክንያት ነው። በተጨማሪ የመርከቧን ሠራተኛ ማን እንደሚቀጥር፣ ሥራዋን ማን እንደሚወስን፣ ማን እንደተከራያት ካፒቴኑ ማሳየት አለበት፤ ከተሸጠች በኋላ ብዙ ጊዜ የሚደናገረው ይህ ነው።

ስለ ኪሳራው ግን ደስ የሚል ነገር የለኝም። አላግባብ የታገደች መርከብ ካሳ የመጠየቅ መብት አላት፤ መብቱ የመርከቧ እንጂ የጭነቱ ባለቤት አይደለም፤ እዚህ ደግሞ እገዳው አላግባብ አይመስልም። የባሕር ኢንሹራንስዎ የለንደን ኢንሹራንስ ገበያ በሚጠቀምበት በተለመደው የውል ቃል የተጻፈ ከሆነ በመዘግየት ብቻ የደረሰ ኪሳራን አይሸፍንም፤ ያዘገየው አደጋ ራሱ የተሸፈነ ቢሆን እንኳ። የሚቀርዎት ከአጓጓዡ ጋር ያለዎት ውል ነው። አጓጓዡ «የመንግሥት እገዳ ነው፣ ከአቅሜ በላይ ነው» ይላል። እርስዎ ደግሞ «እገዳው የመጣው ወረቀትህን ባለማደስህ ነው፤ ይህች መርከብ ጉዞ ስትጀምር ለጉዞ ብቁ አልነበረችም» ይላሉ። ክርክሩ ያለው እዚህ ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ የወረቀቱን ዓይነትና የተሰጠበትን ቀን ወኪሉ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ያድርጉ፤ በቃል የነገረዎት አይጠቅምዎትም።

ቸርቸል ጎዳና (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡50)

ይህኛውን ተቀብያለሁ። የሕጉን ነገር አልተውኩም፤ ይህ ግን የድርጅቱ ስንፍና ነው።

የፒያሳው ሁለተኛ መኮንን (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡05)

ለወደፊት ጭነት ስታስይዝ የመርከቧን ስምና ቁጥር ጠይቅ። ከአይኤምኦ (የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ምኅጻር) ቀጥሎ ያለው ባለ 7 አኃዝ ቁጥር አካሏ ላይ በቋሚነት የተቀረጸ ነው፤ ስትሸጥም ስሟ ሲቀየርም አይለወጥም። በዚያ ቁጥር በቅርቡ ባለቤት መቀየሯን ወይም አለመቀየሯን ማወቅ ትችላለህ። ስም አትመን።

ለገሃር ሰፈር (ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡20)

ወረቀቱን በጽሑፍ አገኘሁ፤ ለማኅተምና ፊርማ ቢሮ ይዤ ልመጣ ነው። መርከቧ ሐሙስ ተለቀቀች፤ የሰንደቅ ዓላማዋ መንግሥት የወከለው ተቋም ሰው ልኮ መረመራት አሉ። ኮንቴይነሮቼ ጂቡቲ፣ ዶራሌ ወደብ ወርደዋል። አዲሱ ሒሳብም ደርሶኛል፤ «አይኤስፒኤስ» ያቺው ናት፣ በቦታዋ አለች።

ሞጆ በኩል (ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡35)

ወርዶ ከሆነ ያለ ክፍያ የሚቀመጥበት ነፃ ቀኑ መቆጠር ጀምሯል። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ባንኩ ሳይዘጋ የጭነት ሰነዱን ይዘህ ና፤ ሜክሲኮ ቢሮ እጠብቅሃለሁ።